ሞተሩ አልነሳ ያለው የልብስ ማድረቂያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ድሬዳዋ ላይ የልብስ ማድረቂያ ማሽን መግዛት ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስላል። ፀሐይዋ አንሶላን ከምሳ በፊት አድርቃ ትጨርሳለች። እውነት ነው፤ ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራ ግን አብሮ ይሰፍርበታል። የሆቴል ነጭ አንሶላ ተረክቦ የሚያጥብ ቤት ደግሞ አቧራ የያዘ አንሶላ አይመልስም። ከዚራ ያለው ላውንደሪያችን ማሽኑን የተከለው ለዚህ ነው። በማድረቁ በኩል አንድም ቅሬታ የለኝም፤ ነገሬ ከአነሳሱ ጋር ነው።

በሞቃቱ ወራት፣ በተለይ ሰፈሩ ሁሉ ማራገቢያውን በሚከፍትበት ምሽት፣ ቁልፉን ስንጫን ሞተሩ ያጉረመርምና ሳይዞር ይቀራል። እንዲህ ያለው ነጠላ ፌዝ ሞተር የመነሻ ጉልበቱ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። እርጥብ ፎጣ የሞላ ከበሮ ይህን አይምርም። ስታቢላይዘር (የቮልቴጅ ማስተካከያ) አስገባን፤ ተሻለው እንጂ አልዳነም።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ተቃጥሏል፣ ሽቦው እንደገና ይጠምጠም» ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ እኛ ዘንድ ሲበዛ ይቀላል። የተቃጠለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይሸታል፣ ብሬከር ይጥላል፤ የእኛው ሁለቱንም አላደረገም። ሁለተኛው ሰው ኤሌክትሪኩን ነቅሎ ከበሮውን በእጁ አዞረው። ያለ ችግር ዞረ፤ ስለዚህ ኩሽኔታውም ቺንጋውም አልያዘውም ማለት ነው። ቀጥሎ በካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት በሚያግዘው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር አስወጣና ለካው፤ ልኩ ላዩ ላይ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) እጅግ ወርዶ ተገኘ። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ የቮልት አቅሙ ከቀድሞው ያላነሰ ካፓሲተር ተተካ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። የመነሻ ማብሪያው ላይ የተጋገረውን የጨርቅ ብናኝም በዚያው ጠረገልን።

ጨርሶ ድምፅ ካላሰማ ግን ምርመራው ሌላ ነው፦ ወደ ሞተሩ የሚደርስ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ስለሆነ የበሩን ማብሪያ፣ ፊዩዙንና የሙቀት መከላከያውን ማየት ይቀድማል። የእኛ ማሽን የበር ማብሪያ ለዚህ ዋጋ የማይመጥን ስስ ፕላስቲክ ነው። ካፓሲተሩንም ሙቅ አየሩ በሚያልፍበት ጎን ማስቀመጣቸው ይገርመኛል፤ ሙቀት ዕድሜውን እንደሚያሳጥር የማያውቅ አምራች ያለ አይመስለኝም።

ይህም ሆኖ ደግሜ እገዛው ነበር። ሦስት ፌዝ የገባለት ቤት ግን የሦስት ፌዝ ሞተር ያለውን ይምረጥ፤ እሱ ለመነሳት ካፓሲተር አይፈልግም።