የነጭ ድምፅ መሣሪያ፦ የጎረቤትን ጫጫታ ምን ያህል ይሸፍናል?

ለሕፃን እንቅልፍ ተብለው የሚገዙት፣ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚያሰሙት እነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች የጎረቤትን ድምፅ አያጠፉም፣ ይሸፍኑታል እንጂ። ለወሬ፣ ለቴሌቪዥንና ለውሻ ጩኸት ጥሩ ናቸው፤ ሕፃን የሚያባንነው ብዙ ጊዜ ከጸጥታ መሀል ድንገት የሚነሳ ድምፅ ነውና። ከላይኛው ፎቅ ለሚመጣ የእግር ኮቴና ለሙዚቃ ቤዝ ግን ደካማ ናቸው፤ ይህ በወለልና በግድግዳ ንዝረት ይተላለፋል። ጎርነን ያለው «ቡናማ ድምፅ» ትንሽ ይረዳል፤ አልጋውን ከጋራው ግድግዳ ማራቅም እንዲሁ።

ትልቁ ስህተት ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 14 መሣሪያዎችን ፈትሾ ነበር፤ በመጨረሻው መጠን፣ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ሁሉም ከ50 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አልፈዋል፣ ሦስቱ ደግሞ ከ85 በላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ቢያንስ 2 ሜትር ያርቁት፤ በልጁ ጭንቅላት ቦታ ሲለካ ከ50 አይብለጥ። በስልክ የሚለካው ግምት ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል። ገመዱም ልጁ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ያዳምጡት። ርካሾቹ አጭር ቅጂ እየደጋገሙ በመጋጠሚያው ላይ «ቀጭ» ይላሉ፤ ያቺ ቀጭታ ራሷ ታባንናለች። በሰዓት ቆጣሪ በአንዴ ከሚጠፋው ይልቅ ድምፁን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ይመረጣል። የሚያብለጨልጨው መብራት? ከንቱ ጌጥ።

ጫጫታው በበሩ ስር የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ ክፍተቱን በጎማ ይድፈኑ፤ ያኔ መሣሪያውን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።