ያለቀ ኮንዶሚኒየም፣ በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ ወይስ ነባር ቤት? ገበያው በተቀዛቀዘበት አዲስ አበባ ለቤት ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

በአዲስ አበባ ለኢንቨስትመንት ብሎ ቤት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል፦ በዕጣ ተላልፎ አሁን ለሽያጭ የወጣ ያለቀ ኮንዶሚኒየም፣ አልሚ ኩባንያ ገና እየገነባው ያለ አፓርታማ፣ ወይም በመሀል ከተማ የሚገኝ ነባር ግቢ ቤት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ በብድር የሚገዛውም በብድር የሚገነባውም እጁ አጥሯል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ናረ። በዚሁ ጊዜ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን መልካቸውን ለውጧቸዋል። እንዲህ ባለ ወቅት ከዋጋው ዝቅ ማለት ይልቅ ዝቅ ያለበትን ምክንያት መመርመር ይበጃል።

በግንባታ ላይ ያለው አፓርታማ ብዙ ገዢዎችን የሚስበው በቅድመ ክፍያ ቅናሹ ነው። ባንክ ብድር ሲያጠብ አልሚው ግንባታውን የሚያስኬደው በዋናነት ከገዢዎች በሚሰበስበው ገንዘብ ስለሆነ፣ አዲስ ገዢ በጠፋ ቁጥር ሥራው ይጓተታል፤ ስለዚህ ቅናሹ ገዢው ቤቱ በጊዜው ላይደርስ ይችላል የሚለውን ሥጋት ለመሸከሙ የሚከፈለው ዋጋ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የውሉን የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ደጋግሞ ማንበብም ግድ ነው። ሊፍቱ፣ አልሙኒየሙና የኤሌክትሪክ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸውና፣ ብር በተዳከመ ቁጥር አልሚው በዚያ አንቀጽ ተመርኩዞ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ውጭ አገር የሚኖር ገዢ ዶላሩ ብዙ ብር ስለሚያመጣለት ቤቱ የረከሰ ይመስለዋል፤ ያገኘውን ብልጫ ግን ይኸው አንቀጽ መልሶ ሊወስድበት ይችላል። ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሥራው ደረጃ፣ ማለትም በሕንፃው መሠረት፣ በስትራክቸሩ (በሕንፃው አጽም) እና በፊኒሺንጉ (በማጠናቀቂያ ሥራው) መጠናቀቅ ላይ የተመሠረተ፣ ለመዘግየትም ቅጣት ያስቀመጠ ውል ካልቀረበ እኔ ቀብድ እንዲከፈል አልመክርም። ሳይቱን በሥራ ቀን፣ ሳያሳውቁ፣ በተለያዩ ሳምንታት ማየት ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል፦ የፎቁ ቁጥር ካልጨመረ፣ ከኮለኑ (ከምሰሶው) አናት የወጣው ብረት ዝጎ ከቆየና በግቢው ከጥበቃው በቀር ሰው ከሌለ ሥራው ቆሟል ማለት ነው።

ያለቀ ኮንዶሚኒየም እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም፤ የሚገዛው ቤት በዓይን ይታያል፣ በሚቀጥለው ወርም ሊከራይ ይችላል። ጉድለቱ ሌላ ዓይነት ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ያለ ቤት ተከራይ የሚያገኘው በቅናሽ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሳይት ደግሞ ሮቶ አለመኖሩ ኪራዩን ይጎዳል። እንደ ልደታ ያለ መሀል ከተማ ያለ ሳይትና እንደ ኮዬ ፈጬ ያለ የከተማ ዳር ሳይት በአንድ ስም ቢጠሩም በኪራይ ገበያ አንድ አይደሉም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ሰነዱ ነው፦ ቤቱ ሳይሸጥ መቆየት ያለበት ጊዜ አልፏል ወይ? የባንክ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል ወይ? ይህ ሳይጣራ ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት አደገኛ ነው፤ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ይቋረጣል።

ነባሩ ቤት በሚለወጥ ሰፈር ውስጥ እጅግ አጓጊ ሆኖ ይታያል፤ ደላላውም «ነገ ሕንፃ ይሆናል» ይላል። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ በመሆኑ፣ ገዢው ለአካባቢው ውድነት የከፈለው ብልጫ በካሳው ውስጥ አይመለስለትም። ስለዚህ በመሀል ከተማ የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለዚያ ቦታ ምን እንደፈቀደ፣ የሚጠበቀውን የሕንፃ ከፍታና የቦታ ስፋት ገዢው ማሟላት እንደሚችል በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ነባር ቤት መግዛት ከሦስቱ አማራጮች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ።

ገቢውንም ማስላት ያሻል። ለምሳሌ በ8 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 30,000 ብር ቢከራይ የዓመቱ ገቢ 360,000 ብር፣ ማለትም ከዋጋው 4.5 በመቶ ነው፤ ጥገናና ግብር ገና አልተቀነሰም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሲሆን ጭማሪውም የሚወሰነው መንግሥት በሚያወጣው መጠን ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር አከራዩ እንደፈለገ ሊያሳድገው አይችልም። የቤት ዋጋ በሚወጣበት ዘመን ገዢዎች ይህን አነስተኛ ገቢ የሚታገሡት በዋጋው ዕድገት ተማምነው ነበር፤ ገበያው ሲቆም ግን የሚቀረው ኪራዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ገቢ ዛሬ የሚፈልግ ሰው መሀል ከተማ ያለ፣ ስሙ የሚዛወር፣ ያለቀ ቤት ይምረጥ። ጥቂት ዓመታት መታገሥ የሚችልና ገንዘቡን በሌላ ጉዳይ የማይፈልገው ሰው ደግሞ ስትራክቸሩ ያለቀና ከዚህ በፊት ቤት አስረክቦ የሚያውቅ አልሚ የሚሠራውን አፓርታማ ቢያስብበት ያስኬዳል። በሁለቱም በኩል ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ሊፈረም፣ ከዚያ በፊትም ቤቱ ወይም የሕንፃው ይዞታ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ሊጣራ ይገባል፤ የቀረው ክፍያም ከዚህ በኋላ ይፈጸም።