እናቴን እንቅልፍ ላስተኙልን ሐኪም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ከሰዓት በኋላ የሚሠሩ አንዲት የነርቭ ሐኪም አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

አባቴ ቀን ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ሌሊት ግን ይጮሃል፣ ይራገጣል፣ በቡጢ ይማታል። ስንቀሰቅሰው ወዲያው ይነቃና «ጅቡ በጎቹ መሀል ገብቶ እኮ ነው» ይለናል። ልጅ ሳለ ምንጃር በግ ጠባቂ ነበር። እናቴ ከንፈሯ አብጦ ባደረ ቁጥር ጎረቤት ሲጠይቃት «በር መታኝ» ትላለች። ሰው አባቴን ምን ብሎ እንደሚያማው ታውቃለችና።

ያልሄድንበት የለም። በስም አልጠራቸውም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ቀና ብሎ ሳያየን «የዕድሜ ነው» አለን። ሌላ ቦታ ምን እንደሆነ እንኳን ያልነገሩንን ውድ ምርመራ አዘዙና «ምንም የለውም» ብለው ሸኙን። አንዱ ደግሞ አባቴን «በቀን ስንት ጠርሙስ ትጠጣለህ?» አለው። ጠላ እንኳን ለዓመት በዓል ብቻ የሚቀምስ ሽማግሌ፣ ያውም «አንተ» ተብሎ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኚህ ሐኪም ገና እንደገባን ወንበራቸውን ወደ እናቴ አዞሩ። «እማማ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣባቸው?» ወደ ንጋቱ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ አባቴን የጅቡን ሕልም አስተረኩት፤ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው። በመጨረሻም ወደ እናቴ ተመልሰው «እርስዎስ ይተኛሉ?» አሏት። በዚያ ሁሉ መንከራተት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አለቀሰች። ውጭ ወረፋው ተሰልፎ ሳለ እስክትረጋጋ ድረስ እጇን ይዘው ተቀመጡ።

ያስረዱንን ሁሉ ገብቶኛል አልልም። የያዝኩት ይህን ነው፦ አብዛኛውን ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል የሌሊቱን ሩብ ያህል ይወስዳል፤ ወደ ንጋትም እየረዘመ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ስለዚህ በሕልማችን ብንሮጥም ከአልጋ አንነሣም። የአባቴ ማሰሪያ ላልቷል። «ዱካክ ነው» ሲሉን ለነበሩት ጎረቤቶች፦ ዱካክ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰውየው ይነቃል፣ ሰውነቱ ግን እንደታሰረ ይቆያል። ይህ የአባቴ ሕመም ራሱን ችሎ በሐኪሞች የተገለጸው በፈረንጆቹ 1986 ነው አሉን። አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ እንደ ፓርኪንሰን ላለ (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ) ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችልም ክትትል እንደሚያስፈልገው ነገሩን፤ ሳይደብቁን፣ ሳያስደነግጡንም።

ማታ የሚወሰድ መድኃኒት አዘዙ። ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፉ፣ ኮመዲኖውን አርቁ፣ እናታችሁም ለጊዜው ለብቻቸው ይተኙ አሉን። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ደውለው እንዴት እንዳደረ ጠየቁን። ሐኪም ሲደውል አይቼ አላውቅም! አባቴ አሁንም አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ ቡጢው ግን ቀርቷል፣ እናቴም እየተኛች ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አትንገላቱ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ፤ እባካችሁ ሂዱ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ደግሞ ከታማሚው ጋር የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።