ደሴ ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሠራልኝ ጄሊፊሽ

ግራ ክንዴ ላይ የጄሊፊሽ ታቱ አለ። ከተሠራልኝ ሦስት ወር አለፈው። ቆስሎ፣ ተልጦ፣ ድኖ አሁን የራሱን መልክ ይዟል። ስለ ቤቱም ስለ ሥራውም ለመጻፍ ይህን ያህል የቆየሁት ለዚህ ነው። በማግስቱ ብጽፍ ኖሮ ሁሉንም ነገር አደንቅ ነበር።

ለምን ጄሊፊሽ የተባለችው የባህር እንስሳ? አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ። እኛ ልጆቹ ስለ ባህር ስንጠይቀው ስለ መርከብ አያወራም። ጭነት እስኪደርሰው ወደቡ ዳር ተቀምጦ ስላያት ነገር ነው የሚያወራው። “ውሃ ውስጥ ያለች ጃንጥላ ናት” ይለናል። “ከፈት፣ ከደን፣ ከፈት፣ ከደን እያለች ትሄዳለች። አጥንት የላት፣ ምን የላት።” በእጁም ያሳየናል። ያ እጁ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጥልፍም እሠራለሁ። ስለዚህ ስለ መስመርና ስለ ጨርቅ ትንሽ አውቃለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ቆዳ ግን ሌላ ጨርቅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ ቤት ነበር። እዚያ መርፌው ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ጠበቀኝ። ሠሪው “አዲስ ነው” አለኝ። ሲከፈት ግን አላየሁም። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ሄፓታይተስም ኤችአይቪም በመርፌ ይተላለፋል፤ በዚህ ይሉኝታ የለም። መርፌው ከእሽጉ ፊታችሁ ካልተከፈተ ተነሱና ውጡ።

የደሴውን ልጅ ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ታፔላ የለውም። ፒያሳ፣ ሞባይል ጥገና ቤቶች ያሉበት ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ትወጣላችሁ፤ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ በመጋረጃ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አያቻኩልም።

ይዤ የሄድኩት ፎቶ ስልኬ ላይ ወር ሙሉ ያስቀመጥኩት ነበር። ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ሠላሳ የሚሆኑ ቀጫጭን ክሮች የተንጠለጠሉበት ጄሊፊሽ። እንዲሠራልኝ የፈለግኩት የእጅ አንጓዬ ላይ፣ በአውራ ጣቴ ቁመት ልክ ነበር። ልጁ አየው፣ አጉልቶ አየው፣ ስልኬን መለሰልኝ። “እህቴ፣ ይሄን አልሠራልሽም” አለኝ።

ደሜ ፈላ። ገንዘብ ይዤ መጥቻለሁ፣ ደረጃ ወጥቻለሁ፣ እምቢ ይለኛል! ግን “አብሽሪ፣ ቁጭ በይ” አለኝና አንድ ሰዓት ያህል አስረዳኝ። ለዚያ ሰዓት ምንም አላስከፈለኝም። ይህን ቤት እንድመርጥ ያደረገኝ ያ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ነገር መስመር ነው። ቀለም ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰፋል። ተጠጋግተው የተሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ሲሰፉ ይነካካሉ፣ ኋላ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ይህን ሲለኝ አያቴ ትዝ አለችኝ። አያቴ አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የተደረደረ ንቅሳት አላት፤ በልጅነቷ በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰችው። ማታ ሄጄ መብራት አስጠግቼ አየሁት። ድሮ ቀጭን የነበረው መስመር ዛሬ እንደ ወፍራም ክር ሆኗል፤ ጥቁሩም ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ሄዷል። መሃላቸው ሰፊ ቦታ የተተወላቸው ግን ዛሬም ለየብቻ ይነበባሉ። አያቴን የነቀሰቻት ሴት ይህን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ጥልፍም ላይ እንዲሁ ነው፤ ክር ካጨናነቃችሁ አበባው ይጠፋል። እኔ ግን ቆዳ ላይ ሲሆን ረስቼው ነበር።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ታቱ የሚቀመጠው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ስር ነው። የእኛ ቡናማነት ያለው ደግሞ ላይኛው ሽፋን ላይ ነው። እና ቀለሙን የምናየው በዚያ ሽፋን አሳልፈን ነው። ቡናማ ስስ ሻሽ ወስዳችሁ ሮዝ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ የምታዩት ሮዝ አይደለም። በእኔ ቆዳ ላይ ሮዙና ውሃ ሰማያዊው ደብዝዘው ነው የሚቀሩት፤ ነጭማ ጭራሽ። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ፎቶዎች በነጭ ቆዳ ላይ የተሠሩ፣ ያውም በዚያው ቀን የተነሱ ናቸው። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

“ታዲያ ያ ብርሃን የሚመስለው ነገር እንዴት ይመጣል?” አልኩት። ወረቀት አወጣና በጥቁር እስክሪብቶ ጠርዙን ብቻ በነጥብ በነጥብ ሠራ። ጠርዙ ላይ ነጥቡን አጠጋጋው፣ ወደ መሃል ሲገባ አራራቀው፣ መሃሉን ባዶ ተወው። ጄሊፊሹ አበራ። ባዶ የተተወው ቆዳዬ ራሱ ነው ብርሃን የሚሆነው። በጥቁር ብቻ እንዲሠራ የወሰንኩት እዚያው ነው።

ከዚያ የትኛው ጄሊፊሽ የሚለው መጣ። ለካ ብዙ ዓይነት አለ። ያ ረጅም ክር ያለው አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ሌላ አሳየኝ፤ ክብ፣ እንደ ጨረቃ የሆነ፣ መሃሉ ላይ አራት ቀለበት ያለው። ከላይ ሲያዩት ባለ አራት ቅጠል አበባ ይመስላል። ክሩ አጭር ነው፤ ጠርዙን ዙሪያውን እንደ ዘርፍ ይከበዋል። ከመሃሉ ደግሞ አራት እንደ ሪባን የተሸበሸቡ ክንዶች ይወርዳሉ። ፎቶውን ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። “እሷ ናት” አለ ወዲያው። “አሰብ ያየኋት እሷ ናት። እነዚያ አራቱን ቀለበቶች አስታውሳለሁ።” ነገሩ አለቀ። ሠላሳ ክር ቀርቶ አራት ሪባን ሆነ። ለቆዳም የሚሻለው ይኸው ነበር።

ቦታ መምረጡ ከሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደ። አንጓዬን የተውኩት በሥራዬ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ እጄ የማሽኑ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይፈገፈጋል፤ በዚያ ላይ እዚያ ጋ ቦታው ትንሽ ነው። ቁርጭምጭሚት አሰብኩ፤ ካልሲና ጫማ አለ። ጎን ላይ፣ የጎድን አጥንቱ ጋ አሰብኩ። ቆዳው ስስ፣ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ ከሚያሙት ቦታዎች አንዱ ነው አለኝ። ሕመሙን እችለው ነበር። ግን ጎኔን ማን ሊያየው? እኔ ራሴም አላየው። አባቴ እንዲያየው ፈልጌያለሁ።

ትከሻዬ ላይ ይሁን አልኩ። ያኔ ልጁ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። “ጆሮሽን ስትበሺ አብጦ ቀርቶ ነበር?” ቀጥሎ ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰው። ጠባሳው የሚያብጥ ሰው አለ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከፍ ብሎ የሚወጣ። ትከሻ፣ የደረት ላይኛው ክፍልና ጆሮ ደግሞ ይህ በብዛት የሚታይባቸው ናቸው። የእኔ ጠፍጣፋ ነው። ቢሆንም ከትከሻዬ ወረድ አደረገውና ክንዴ ውጭኛው ጎን ላይ፣ ከክርኔ በላይ እንዲያልቅ አደረገው። ረጅም ቦታ ስለሆነ ሪባኖቹ እንደ ልብ ይወርዳሉ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እጅጌ ይሸፍነዋል። ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስወርድ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ እጅጌ ያስወልቃል፤ እዚያ ይታያል። ፀሐይ ግን ታቱን ስለሚያደበዝዝ ኮምቦልቻ ስሄድ ሰንስክሪን እቀባለሁ።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። እኔ ወደ ራሴ ዞሮ እንዲሠራ ፈለግኩ፤ ክንዴን ሳነሳ በትክክል እንዳየው። እሱ እጅሽ ሲንጠለጠል ጃንጥላው ከላይ መሆን አለበት አለ፤ አለዚያ ለሚያይሽ ሰው ሁሉ ጄሊፊሹ ተዘቅዝቋል። እኔም ማታ ሳነብ ቀይ ባህር ውስጥ በእርግጥ ተገልብጦ መሬት ላይ የሚተኛ የጄሊፊሽ ዓይነት እንዳለ አየሁ። በማግስቱ ይህንን ይዤ ሄድኩ። “አለ” አለኝ። “የአባትሽ ግን እሱ አይደለም።” አሸነፈኝ።

በመጨረሻ በእስክሪብቶ ክንዴ ላይ ሣለውና “አራት ቀን ይዘሽው ዙሪ” ብሎ ሸኘኝ። እየታጠብኩ፣ እየለበስኩ፣ እየሰፋሁ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ትንሽ እንደሚበዛብኝ ገባኝ። ተመልሼ በሁለት ጣት አሳጠርነው። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

የሥራው ቀን ስዕሉን በማተሚያው ወረቀት ክንዴ ላይ አተመው፤ እኛ ሰፊዎች ካርቦን እንደምናደርገው ነው። መጀመሪያ ክንዴን አንስቼ ነበር የታተመው። ሳወርደው ሪባኖቹ ተጣመሙ። ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ እንደሚጎተት ማለት ነው። ሳይነግረኝ በአልኮል አጠፋውና ቆሜ፣ ትከሻዬን ለቅቄ እንደገና አተመው። መርፌውን ከታሸገበት ፊቴ ቀደደ። ቀለሙን ትንንሽ ክዳን ውስጥ ጠብ አደረገ፤ የተረፈውን መልሶ ጠርሙስ ውስጥ አልጨመረም። ስልኩን ስለነካ ብቻ ጓንት ቀየረ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሕመሙ እንደሚወራው አይደለም፤ ወደ ብብት የሚጠጋው ጎን ብቻ አስጨንቆኛል። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ባትሪ አለው። እኔ ስልኬን አበርቼ “ቀጥል” አልኩት። “በስልክ መብራት ነጥብ አልሠራም” አለ። ሸፈነልኝና አርባ ደቂቃ ጠበቅን።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ክፍሉ ውስጥ የቧንቧ ውሃ የለም። እጁን የሚታጠበው ከጀሪካን ነው። በሳሙና፣ በደንብ ይታጠባል፤ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ነግሬዋለሁ። መጋረጃው አጭር ስለሆነ ፀጉር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ያያችኋል። ለእኔ ክንድ ስለሆነ ችግር አልነበረውም፤ ጀርባዋን የምትሠራ ሴት ግን ትቸገራለች። ዋጋውም 4,000 ብር ተባብለን መጨረሻ ላይ 4,500 ሆነ። ነጥቡ ስለበዛ ነው አለ። ሥራው ያወጣዋል፤ ግን ሳይጀምር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ይህ አሁንም ቅር ይለኛል።

እንክብካቤውን በቃሉ ነገረኝ፤ ቢጽፈው ጥሩ ነበር። ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ፣ ቫዝሊን በስሱ መቀባት፣ አለማከክ፣ ፀሐይ አለማሳየት። እኔ ከሁሉ የከበደኝ ወይባ ነው። ወሎ ውስጥ ላደገች ሴት አንድ ወር ያለ ጢስ መክረም ቀላል አይደለም። ሙቀቱና ላቡ ግን ለትኩስ ቁስል አይሆንም፤ ታገስኩ። እናቴ ታቱውን እስከ ዛሬ አልወደደችውም። ሲያሳክከኝ ስታይ ግን ቅቤ ይዛ መጣች። “እማ፣ ቅቤ አይቀባም” ስላት ተቀየመች። በስድስተኛው ቀን መላጥ ጀመረ፤ በሦስተኛው ሳምንት ላዩ ዳነ። አንዱ ሪባን ጫፉ ላይ ሳሳ ብሎ ቀረ። ክርኔ አጠገብ እጅጌዬ ሲፈገፍገው ነው መሰለኝ። ልጁ አየውና ያለ ክፍያ ደገመልኝ።

አባቴ ክንዴን ወደ መስኮቱ አዙሮ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ አራቱን ቀለበቶች በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረ።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀጉር ቤቱ ሳይሞላ ግቡ። ዋጋውን አስቁርጡ። እና በመጀመሪያው ቀን ለመሠራት አትሂዱ፤ በእስክሪብቶ ሥሎ እንዲሸኛችሁ ጠይቁት።