ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ፦ «የለም» ሲል የሚታመን የልብ ድካም ምርመራ

ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሕመሙ ከሳንባ ይሁን ከልብ በማዳመጫ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ይህ የደም ምርመራ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። የሚለካው የልብ ጡንቻ ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀውን ንጥረ ነገር ነው፤ በሚሊ ሊትር ከ300 ፒኮግራም በታች ከሆነ አጣዳፊ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ለተመላላሽ ታካሚ ግን መነሻው 125 ነው። አንዳንድ የውጤት ወረቀት 125ን ብቻ ይዞ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ 180 የወጣላቸው አዛውንት ደንግጠው ይመጣሉ።

«አለ» ሲል ግን ረጋ ማለት ያሻል። በአጣዳፊ ሕመም ጊዜ የልብ ድካምን የሚያመለክተው ቁጥር ከ50 ዓመት በታች 450፣ ከ50 እስከ 75 ዓመት 900፣ ከዚያ በላይ 1800 ነው። ኩላሊት ሲደክም፣ የልብ ምት ሲዛባ፣ ሳንባ ውስጥ ደም ሲረጋም ቁጥሩ ያሻቅባል። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ዝቅ ብሎ ያታልላል። በአገራችን የቶንሲል መዘዝ የሆነው የቫልቭ ሕመም ብዙ ነው፤ የትኛው ቫልቭ እንደጠበበ ወይም እንደሚያፈስ የሚነግረን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንጂ ይህ ቁጥር አይደለም። ኢኮ በዚያው ቀን ከተገኘና ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኛ ኢኮውን እንመርጣለን።

ልብ አብሮ ወደ ደም ከሚለቀው ከወንድሙ ከቢኤንፒ ምርመራ ጋር ሲወዳደር ለእኛ ሁኔታ ይሄኛው ይሻላል። ቢኤንፒ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ስለሚበላሽ በፕላስቲክ የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ተቀድቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ግን በክፍል ሙቀት እስከ ሦስት ቀን ስለሚቆይ ናሙናው ከክፍለ ሀገር በመኪና ቢላክም ይደርሳል። ኢንትሬስቶ የተባለውን የልብ ድካም መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ከሆነማ ምርጫ የለም፤ መድኃኒቱ ራሱ ቢኤንፒን ከፍ ያደርገዋል።

አልጋ አጠገብ የሚሠራው ትንሹ መሣሪያ ኮባስ ኤች 232፣ 150 ማይክሮ ሊትር ደም ተቀብሎ በ12 ደቂቃ ውጤት ያወጣል። ደሙ ግን በሄፓሪን (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ የተቀዳ መሆን አለበት። በችኮላ ከወይን ጠጁ የኢዲቲኤ ቱቦ ቀድቶ ጠብ ማድረግ የተለመደ ጥፋት ነው።

ደም ከመቀዳቱ በፊት ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን ይወስዱ እንደሆነ ይጠየቁ፤ በአንዳንድ የላብራቶሪ ማሽኖች ላይ ውጤቱን በሐሰት ያወርደዋል። ለክትትል የሚደገም ከሆነም በዚያው ምርመራ፣ ከተቻለም በዚያው ማሽን ይሁን። ከ1000 ወደ 900 መውረድ መሻሻል አይባልም፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ቢያንስ 30 በመቶ የቀነሰ ውጤት እንፈልጋለን።