ከደብረ ብርሃን ሆኜ ያወረድኩት የአሜሪካ የወንጀል ተጠቂዎች ጥናት

ለማስተርስ ጽሑፌ የአሜሪካን ብሔራዊ የወንጀል ተጠቂዎች ጥናት ፋይል መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ነፃ ነው፤ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ካለው የመረጃ ማኅደር ተመዝግቦ ማውረድ ነው። ደብረ ብርሃን ኔትወርኩ የሚሻለው ሌሊት ስለሆነ ጋቢ ተከናንቤ ነው ያወረድኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

የወደድኩለት ፖሊስ ጣቢያ ያልሄደውንም ሰው መድረሱ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ከፖሊስ ሰብስቦ ለ2017 ያወጣው የጥላቻ ወንጀል 7,175 ነው። ይህ ጥናት ግን ሰዉን ራሱን ጠይቆ ከ2004 እስከ 2015 በዓመት በአማካይ 250,000 ያህል አግኝቷል፤ ከ2011 እስከ 2015 ከደረሰው ደግሞ ከግማሽ በላዩ ለፖሊስ አልተነገረም። ተጠቂው «ጠልተውኝ ነው» ስላለ ብቻም አይቆጠርለትም። አጥቂው የጥላቻ ቃል ተናግሮ እንደሆነ፣ ምልክት ትቶ እንደሆነ፣ ፖሊስ አረጋግጦ እንደሆነ ይጠየቃል።

በሐምሌ 2016 ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ስለ ጾታዊ ዝንባሌና ስለ ጾታ ማንነት መጠየቅ ተጀመረ። ተመራማሪዎች የ2017–2019ን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ፣ በጥላቻ የተፈጸመ የኃይል ጥቃት ከ1,000 ግብረ ሰዶማውያን፣ ባይሴክሹዋል (ለወንድም ለሴትም የሚሳቡ) እና ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የሚለይ) ሰዎች 6.6፣ ከሌላው ሕዝብ 0.6 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ። ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ከተደበደበ መቆጠር አለበት።

ቅሬታዬ የሚመጣው ከመንዝ ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለች ቀበሌ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ አንዲት ሱፍ የምትፈትል ሴት «ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። አማቷ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል፤ ለብቻዋ ልጠይቃት ብል አልተነሡም፣ እኔም ማቆም ሲገባኝ ቀጠልኩ። እንዝርቷን ሳታቆም «ኧረ የለም» አለችኝ፣ የግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እየከተተች። አሮጊቷ በጎቹን ሊያስገቡ ሲወጡ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ አሁን ጻፊው» አለችኝ። የመጀመሪያውን መልስ ሰረዝኩት።

የአሜሪካው ጥናትም በየቤቱ ነው የሚጠይቀው፣ በአካል ወይም በስልክ። የ17 ዓመት ልጅ አባቱ ጎኑ ተቀምጦ ምን ብሎ ይመልሳል? በዝንባሌው ምክንያት ከቤት ተባርሮ ጎዳና የወጣውማ ናሙናው ውስጥም የለም፤ ቤት አልባዎች አይጠየቁም። ስለዚህ 6.6ን ቢያንስ ይህን ያህል ብዬ ነው የማነበው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የምታወርዱ ካላችሁ ከዳታው በፊት መጠይቁን አውርዱ፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ቀንም ይወርዳል። የአንድ ዓመቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትጀምሩ፣ የጥላቻ ወንጀል ደርሶብኛል ያለው ሰው በጣም ጥቂት ስለሚሆን ስሌቱ ይዋዥቅባችኋል።