ሮያል ኤክስቼንጅ ቴአትር፣ ማንቸስተር፦ በጥጥ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተንጠለጠለ መድረክ

ይህ ሰፊ አዳራሽ እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ የጥጥ ነጋዴዎች መገበያያ ነበር። ቴአትር ሆኖ የተከፈተው በ1976 ነው። ትልቁ ፈተና ወለሉ ነበር፤ የቴአትሩንና የተመልካቹን ክብደት አይችልም። ስለዚህ 150 ቶን የሚመዝነውን ባለ ሰባት ጎን የብረትና የመስታወት ቴአትር የመሃሉን ጉልላት በተሸከሙት አራት ዓምዶች ላይ አንጠለጠሉት። ወለሉ ላይ ያረፉት መድረኩና የታችኞቹ መቀመጫዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ብልሃት ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው!

ቀደም ብለው ይግቡና ቀና ብለው የገበያውን ሰሌዳ ይዩ፤ የመጨረሻው ቀን ዋጋ ዛሬም እንደተለጠፈ ነው። በ1996 በአቅራቢያው የፈነዳው ቦምብ ሕንፃውን ክፉኛ ቢጎዳውም በ1998 ታድሶ ተከፍቷል።

ከ700ው መቀመጫ 400ው ታች ነው፤ ሁለቱ ሰገነቶች እያንዳንዳቸው 150 ይይዛሉ፣ በሁለት ረድፍ። ተመልካቹ መድረኩን ስለሚከብብ ተዋናዩ ፊቱን ለአንዱ ሲያዞር ለሌላው ጀርባውን መስጠቱ አይቀርም። የፊት ገጽታን ከቅርብ ማየት የሚፈልግ ታች ይቀመጥ። የእንቅስቃሴው አቀማመጥ የሚማርከው ደግሞ የሰገነት ትኬት ይቁረጥ፣ ያውም የፊተኛውን ረድፍ።